ሀ ሁን በዜማ የሚል ልጅ እንዴት ወደ ንባብ ይሻገራል? ለኬጂ አስተማሪዎችና ለወላጆች

ልጁ ሀ ሁ ሂን እስከ ፐ ድረስ አንድም ሳይስት በዜማ ይለዋል፣ ቤተሰቡም ልጃችን ማንበብ ቻለ ብሎ ደስ ይለዋል። ግን ገበታው መሀል ገብታችሁ አንዱን ፊደል ብትነኩና "ይሄስ ማነው የኔ ጌታ?" ብትሉት ወይ ዝም ይላል ወይ ደሞ ከላይ ተነስቶ በዜማው እየቆጠረ እየቆጠረ እዛች ፊደል ላይ ሲደርስ ነው ሚነግራችሁ። እኔ እዚሁ ጎንደር ኬጂ አስተምራለሁ፣ መስከረም በገባ ቁጥር እንዲ አይነት ልጆች ይመጡልኛል፣ ጎበዞች ናቸው፣ ጆሯቸው የሰማውን አይጥልም፣ ግን አይናቸው ፊደሉን ገና አልለየውም። ከዜማው ወደ ንባቡ እንዴት እንደማሻግራቸው ክፍል ውስጥ ምሰራውን ልንገራችሁ፣ አስተማሪም ሁኑ እናት አባት እቤት ልትሰሩት ትችላላችሁ፣ ብር ሚያስወጣ ነገር የለውም።

መጀመሪያ ስለ የኔታ ላንሳ፣ ምክንያቱም ምላችሁ ነገር ሁሉ ከዛ ነው ሚነሳው። ጎንደር የአብነት ትምህርት ሀገር ናት፣ ከበአታ እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንቱ ሊቅ ፊደል ከመቁጠር ነው የተነሳው። የንባብ ቤቱን ስርአት ካያችሁት ሀ ሁ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። ልጁ ሀ ሁን ሲጨርስ አቡጊዳ ይገባል፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፣ ከዛ በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ እያለ ይቀጥላል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ፊደሉ ከነቤተሰቡ ተሰልፎ አይመጣም፣ አንዱ ግዕዝ አንዱ ካዕብ አንዱ ሣልስ እየሆነ ተሰባጥሮ ነው ሚመጣው (ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ሲባል ሰባቱ በተራቸው ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ ይባላሉ)፣ ስለዚ የሀ ሁ ዜማ ልጁን አያድነውም፣ ያለው አማራጭ ፊደሉን አይቶ መለየት ነው። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ቁጥር ይጀምራል፣ ቃሉን ፊደል በፊደል እየነካ ይቆጥራል፣ ከዛ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣና ዳዊት ይደግማል። እኛ ኬጂዎች ከዚህ ሁሉ የያዝነው ሀ ሁን ብቻ ነው። ዜማውን ይዘን መሰባጠሩንም ቁጥሩንም ትተነዋል፣ ልጆቹ ማንበብ ሲያቅታቸው ደሞ ልጆቹ ላይ እናሳብባለን። እኔ ችግሩ ልጆቹ ላይ ነው ብዬ አላምንም።

በሉ ወደ ስራው። መጀመሪያ ልጃችሁ የት እንዳለ እዩ። ከአሮጌ ካርቶን መዳፍ የምታክል ቁራጭ ውሰዱና መሀሉ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ምታሳይ ቀዳዳ ቅደዱ። የፊደል ገበታው ላይ አስቀምጡትና ወዲያ ወዲህ እያንሸራተታችሁ ብቅ ያለችውን ፊደል ጠይቁት፣ "ማን መጣ? አሁንስ ማን መጣ?" እያላችሁ በጨዋታ። ጎረቤቶቿ ስለተሸፈኑ ዜማው መነሻ የለውም፣ ስለዚ ያወቀውን በእውነት አውቆታል ማለት ነው። ያወቃቸውን ወረቀት ላይ ያዙ፣ ያላወቃቸውን አትቁጠሩበት። "ትላንት ስትለው አልነበር እንዴ" ሚባል ነገር በፍጹም አይባልም፣ ትላንት ያለው ዜማውን ነው፣ ልጁ አልዋሸም።

ሁለተኛው ነገር ከፊደል በፊት ጆሮ ይቀድማል። አንድ ቃል ውስጥ ትንንሽ ድምጾች እንዳሉ ያልሰማ ልጅ ፊደል ምን እንደሚሰራ አይገባውም። እኛ ክፍል ጠዋት ክብ ሰርተን እንቀመጣለን፣ እኔ ሳሙና እላለሁ፣ እነሱ ሳ፣ ሙ፣ ና እያሉ ሶስቴ ያጨበጭባሉ። ዳቦ ሁለት ነው፣ ጀበና ሶስት ነው። የየራሳቸውን ስም ማጨብጨብ ሲጀምሩማ ሁሉም ተራው እንዲደርሰው እጁን አውጥቶ "ቲቸር እኔ፣ ቲቸር እኔ" ነው። ይሄን ሲለምዱ ወደ መጀመሪያ ድምጽ እንሄዳለን፣ ዳቦ በምን ይጀምራል፣ በዳ፣ ሌላስ በዳ ሚጀምር ማን ያመጣል፣ ዳገት፣ ዳንቴል፣ ዳስ ይላሉ። መጨረሻ ላይ ማስቀረት ነው፣ "ዳቦ በሉ፣ አሁን ዳን ደብቋት፣ ምን ቀረ?" ቦ። ይሄኛው ለብዙ ልጆች ይከብዳል፣ ለአራት አመት ልጅ አትጨነቁበት፣ አምስት ስድስት ሲሆነው ይመጣል፣ ግን ይሄን ሚችል ልጅ ፊደል ሲሰጠው በፍጥነት ነው ሚገጣጥመው።

ፊደላችን ደሞ በዚህ በኩል ያግዘናል። ተነባቢውና አናባቢው አንድ ላይ ተሰርቶ ስለተቀመጠ በአብዛኛው አንድ ፊደል አንድ ጭብጨባ ነው። እንግሊዝኛ ሚማር ልጅ ሁለት ፊደል አጋጥሞ ነው ባ ሚለው፣ የኛ ልጅ ባን ተሰርታ ያገኛታል። ሳሙና ሶስት ጭብጨባ፣ ሶስት ፊደል፣ አለቀ። ሳድስ ላይ ብቻ ይሄ ይፈርሳል፣ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የጆሮውን ስራ እቤት ለምትሰሩ ምርጡ መሳሪያ እንቆቅልህ ነው። "እንቆቅልህ" "ምን አውቅልህ" "በቡ ይጀምራል፣ እማማ ትቆላዋለች፣ ቤቱን በመአዛው ያውደዋል" ቡና! ካላወቀ ሀገር ስጠኝ በሉት፣ ሀገሩን ሲሰጥ ግን ስሙን እያጨበጨበ ይስጥ፣ ጎን፣ ደር፣ ወይ ዳ፣ ባት። ተረት ተረት ሲባልም የላም በረት እያለ ይመልስ፣ ተረቱ መሀል ላይ ደሞ አቁማችሁ ጠይቁት፣ ጅቡ አሁን ምን ሊያረግ ነው፣ ለምን ዋሸ፣ አንተ ብትሆንስ። ንባብ ማለት ድምጽ ማውጣት ብቻ አይደለም፣ ነገሩ ገብቶት ቀጥሎ ሚመጣውን መጠበቅም ነው፣ ይሄን ልጆች ከተረት ይለምዱታል። ፊደል ያልቆጠረች አያት ይሄን ሁሉ ከማንኛችንም በላይ ትችላለች፣ ስለዚ "እኔ አልተማርኩም ምን ላግዘው" ለምትሉ እናቶችና አያቶች ስራው ግማሹ እናንተ እጅ ላይ ነው ያለው፣ ይሄን ከልቤ ነው ምላችሁ።

አሁን ፊደል። እኔ በሀ አልጀምርም፣ በዚህ ሚገረሙ ወላጆች አሉ። ግን እዩት፣ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆን ሰባቱንም ጨርሶ ልጁ ምን ቃል ያነባል? ምንም። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ እንደ ቧ ያሉትን ዲቃላ ፊደሎች ሳንቆጥር፣ ይሄ ሁሉ እስኪያልቅ ጠብቄ ነው ቃል ማስነብበው ካላችሁ አመቱ ያልቃል፣ ልጁም ፊደል ሚባል ነገር የዘፈን መልመጃ እንጂ ሌላ ጥቅም እንዳለው ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚ እኔ በራብዕ እጀምራለሁ፣ በማ፣ በላ፣ በባና በሳ። አፍ ሙሉ ተከፍቶ ሚወጣ ድምጽ ስለሆነ ለልጅ ይጠራለታል፣ አራቱ ብቻ ደሞ ቃል ይወልዳሉ፣ ላባ፣ ባላ፣ ማማ፣ ማሳ፣ ሳማ። አራት ፊደል፣ አምስት እውነተኛ ቃል። ላና ሳ ትንሽ ስለሚመሳሰሉ ሳን መጨረሻ ላይ አምጧት፣ አናቷ ላይ ያለችውን ቀንድ እየነካካችሁ።

አንዱን ልጅ ላባን ሲያነብ ላሳያችሁ። ሁለት የካርቶን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አራርቄ አስቀምጣለሁ፣ ላ እዚህ ባ እዛ። በጣቱ እየነካ "ላ" ይልና ያርፋል፣ "ባ" ይላል። ምን ሆነ ስለው አያውቀውም፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ለሱ። ካርዶቹን ትንሽ አቀራርባቸዋለሁ፣ "ላ፣ ባ"። አሁንም አቀርባቸዋለሁ፣ ጠርዛቸው እስኪነካካ፣ እጁን ይዤ ሳናቋርጥ ከላ ወደ ባ እናንሸራትታለን፣ "ላባ"። ዝም ብሎ ያየኛል። "ላባ?" ይላል ቀስ ብሎ፣ ከዛ ጮክ ብሎ "ላባ! የዶሮ!" ያኔ ከኪሴ የዶሮ ላባ አውጥቼ እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ይሄን ቅጽበት ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ልጁ ፊደል ነገር እንደሚናገር ያወቀባት ሰአት ናት። ማማንም ማሳንም እንዲሁ ነው፣ ገጠር ዘመድ ያለው ልጅ ማማ ላይ ተወጥቶ ወፍ እንደሚጠበቅ ለሌሎቹ ያስረዳል፣ ሳማ የለበለበው ደሞ እሱም ታሪክ አለው። ሚያነበው ቃል ሚያውቀው ነገር ይሁን፣ ትርጉሙን ማያውቀውን ቃል ለማንበብ ልምምድ ብላችሁ አትስጡት።

ከዛ ናን፣ ዳን፣ ዋን፣ አን ጨምሩ፣ ዋና፣ ባና፣ አባባ፣ አላማ ይመጣሉ። ቀጥሎ ከሳብዕ ቦን፣ ሎን፣ ከካዕብ ቡን፣ ሙን አምጡ፣ ዳቦ፣ ቡና፣ ሳሙና። ቡና ላይ ስንደርስ ክፍሉ ውስጥ ያለው ደስታ አይነገርም፣ ሁሉም ቤቱ ሲጠጣ ሚያየው ነው። በን ሲያውቁ የመጀመሪያውን ሙሉ አረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ አባባ ዳቦ በላ። ስድስት አይነት ፊደል ብቻ ነው ያለበት፣ ግን ልጁ ሄዶ እቤቱ አረፍተ ነገር አነበብኩ ይላል። በሳምንት ሁለት ሶስት አዲስ ፊደል ይበቃል፣ ሁልጊዜ የድሮው እየተደገመ። ቸኩላችሁ በሳምንት አንድ ሙሉ ቤተሰብ ሰባቱንም ብታሸክሙት ያው ዜማው ተመልሶ ይመጣል።

የፊደሉን ቅጥያ በሰውነታችን ነው ምንማረው፣ ይሄ ልጆቹ በጣም ሚወዱት ነው። ካዕብ ጭረቷ ወገቡ ላይ ናት፣ ሉ፣ ቡ፣ ሙ፣ ሱ፣ ስለዚ ካዕብ ስል ሁሉም ቀኝ እጁን ወገቡ ላይ ያረጋል። ሣልስ ጭረቷ እግሩ ስር ናት፣ ሊ፣ ቢ፣ ሚ፣ ሲ፣ ቀኝ እግራቸውን ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፣ ሌ፣ ቤ፣ ሴ። ራብዕ ላይ ሁለት እግር ያላቸው ቀኝ እግራቸው ይረዝማል፣ ላ፣ ባ፣ ሳ፣ አንድ እግር ያላቸው ደሞ እግራቸው ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ታ፣ ቃ። ቦና ሶ ግራ እግራቸው ነው ሚረዝመው፣ ሎ፣ ኖ፣ ቶ ግን ቀለበቷን ላይ ነው ያረጉት። ይሄን ህግ ሲይዙ አዲስ ፊደል ስታመጡ እራሳቸው ይገምታሉ፣ "ደን አሳየሁህ፣ ዱ ምን ትመስላለች?" ስትሉት ወገቡን ይይዛል። ማይታዘዙም አሉ፣ ሩ፣ ሪ፣ ፉ፣ ፊ፣ እነሱን "እነዚህ የራሳቸው ጸባይ አላቸው" ብላችሁ ለብቻ አስተምሯቸው፣ ህጉ ውስጥ አስገድዳችሁ ልጁን አታደናግሩት።

ሳድስ ላይ ጊዜ ውሰዱ። መጀመሪያ ነገር ቅርጹ ህግ የለውም፣ ል፣ ም፣ ስ፣ ብ፣ ት እያንዳንዱ በየራሱ ነው ሚታወቀው። ሁለተኛ ድምጹ አንዳንዴ ትንሽ አናባቢ አለው አንዳንዴ የለውም፣ ምሳ ላይ ያለችው ም ትሰማለች፣ ላም ላይ ያለችው ም ግን ከንፈር ገጥሞ ያልቃል። ልብ ሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ በሉት፣ ል ትሰማለች፣ ብ ግን ዝም ትላለች፣ ሁለቱም ሳድስ ናቸው። ለዛ ነው ልጆች ላም ሚለውን "ላ... ምእ" ብለው ሚያነቡት፣ ፊደሉን ለብቻው እንደዛ ነዋ የተማሩት። እኔ እንዲ አረጋለሁ፣ መጀመሪያ በጆሮ፣ ላም አንድ ጭብጨባ ናት፣ ሁለቴ ካጨበጨበ አብረን ደግመን እንላታለን። ከዛ ላን ጽፌ "ላ በሉ፣ አፋችሁን አትዝጉ" እላለሁ፣ ላላላ እያሉ ይቆያሉ፣ የም ካርድ ከጎኗ ሳስቀምጥ አፋቸውን ግጥም ያረጋሉ፣ ላም። እንደዚሁ ሳ፣ ሳል፣ ባ፣ ባል፣ ማ፣ ማን። በመጨረሻ ፊደልነት ሲለምዱት ብቻ ወደ መጀመሪያ አመጣዋለሁ፣ ምሳ፣ ስም፣ ልብስ። ጽሁፋችን ውስጥ በጣም በብዛት ሚመላለሰው ሳድስ ስለሆነ እዚህ የደከማችሁት ሁሉ ኋላ ይከፍላችኋል፣ አንደኛ ክፍል ገብተው ንባባቸው ሚንቀራፈፍባቸው ልጆች ብዙውን ጊዜ ሚደናቀፉት እዚችው ላይ ነው።

ተመሳሳይ ፊደሎችን በአንድ ሳምንት አታምጡ። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ከና ኸ፣ ዘና ዠ፣ ደና ጀ፣ ጠና ጨ፣ እነዚህ አንዱ ሌላው ላይ ጭረት ጨምሮ የተሰራ ነው፣ አንዱ በደንብ ሳይያዝ ሁለተኛው ከመጣ ሁለቱም ይጠፋሉ። አንዱን አስተምሩ፣ ከወር በኋላ ወንድሙን አምጡና "ምን ተጨመረበት?" በሉ። ጸና ጰም እንደዛው ያሳስታሉ። ድምጻቸው አንድ የሆኑትን ደሞ፣ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ፣ ለኬጂ ልጅ ከያንዳንዱ አንዱን ብቻ ስጡት። ሌሎቹን አውቆ ሚጠይቅ ልጅ ካለ ግን አባቶቻችን ስም አውጥተውላቸዋል፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ ስሙን ንገሩት፣ ልጆች ስም ያለው ነገር አይረሱም። የጽህፈት ስርአቱን ግን ሲያድግ ይደርስበታል፣ አሁን "ፀሐይን በዚህ ነው ምትጽፈው" ብሎ ማስጨነቅ ለማንም አይጠቅምም።

ጎንደር ሚያስተምር ሰው አንድ ትልቅ እድል አለው፣ የሰፈሮቻችን ስም። አራዳ፣ ማራኪ፣ አዘዞ፣ ፒያሳ፣ ወለቃ፣ ቀሃ፣ ጎሃ፣ እዩዋቸው እስኪ፣ አንድም ሳድስ የለባቸውም! ፊደል በፊደል ሚነበቡ ናቸው፣ ልጆቹ ደሞ ሁሉንም ከነቦታቸው ያውቋቸዋል፣ የባጃጅ ሹፌሩ "አዘዞ አዘዞ" ሲል ሲሰሙ ነው ሚያድጉት። እኔ የሰፈር ካርድ ሰርቼ መሬት ላይ አስቀምጣለሁ፣ አንዱ ልጅ ባጃጅ ሹፌር ይሆናል፣ ሌሎቹ ካርዱን አንብበው ሚሄዱበትን ይነግሩታል፣ አዘዞ ብሎ ማራኪ ላይ ሚያወርድ ሹፌር ተሳፋሪዎቹ ይጮሁበታል። ፋሲል ላይ ሲደርሱ ደሞ ሳድሷ ል መጨረሻ ላይ ትመጣለች፣ ለመሸጋገሪያ ምርጥ ቃል ናት። ወላጆችም ፒያሳ ስትወርዱ ልጁን እየጎተታችሁ አትለፉ፣ ዳቦ ቤት ሚለው ማስታወቂያ ስር ቆም በሉና ዳ የት አለች በሉት፣ ቦስ። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የጨው ላስቲክ፣ የባጃጅ ኋላ የተለጠፈው ጽሁፍ ሁሉ መጽሀፍ ነው። የልጆች መጽሀፍ የለንም ብለን ምናማርረውን ያህል ዙሪያችን ያለውን ጽሁፍ አንጠቀምበትም።

መጻፍን በተመለከተ፣ አንድ ፊደል አንድ ገጽ ሙሉ ገልብጥ ሚባለውን የቤት ስራ አልወደውም፣ አልሰጥምም። የአራት አመት ልጅ ጣቱ ገና አልጠነከረም፣ ከሶስተኛው መስመር በኋላ ሚስለው ፊደል ሳይሆን ድካሙን ነው፣ እናትየውም መጨረሻ ላይ እጁን ይዛ እሷ ትጽፍለታለች። ይልቅ ሰፌድ ላይ ዱቄት በትኑ፣ በጣቱ ይጻፍበት፣ ሲሳሳት ነቅነቅ አርጎ ያጠፋዋል፣ ማንም አያየውም። በጭቃ ፊደል መስራት ደሞ ጣታቸውን ያጠነክራል፣ ወለቃ የሸክላ ሀገር ሆና ለኛ ልጆች ጭቃ አይጠፋም። ሽምብራ ደርድሮ ፊደል መስራት፣ መሬት ላይ በከሰል መጻፍ፣ ሁሉም ይሰራል። እርሳስ ሲይዝ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሳብን አስለምዱት፣ በግራው ሚጽፈውን ልጅ ግን ተዉት፣ እጁን አትቀይሩበት፣ ምንም ጉድለት የለበትም። ፊደል ገልብጦ መጻፍም በዚህ እድሜ የተለመደ ነው፣ አብዛኛው ልጅ ሲያድግ ይተወዋል።

አንድ ክፍል አምሳ ልጅ ይዛችሁ ይሄን ሁሉ እንዴት ትሉ ይሆናል። እውነት ነው ይከብዳል። እዚህም የየኔታ ዘዴ ይረዳናል፣ የኔታ ጋ አንዱ ልጅ ሲቆጥር ሌላው ከፍ ያለው ትንሹን ያስቆጥራል፣ ሁሉም በየደረጃው ነው እንጂ ሁሉም በአንድ ላይ አይጮህም። እኔም በአራት ምድብ እከፍላቸዋለሁ፣ አንዱ ምድብ ዱቄት ላይ ይጽፋል፣ አንዱ ካርድ ይጫወታል፣ አንዱ ስእል ያያል፣ አንዱ እኔ ጋ ያነባል፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ ይቀያየራሉ። ጎበዟን ልጅ ከዘገየው ጋር አስቀምጣታለሁ፣ ግን መልሱን ቀድማ እንዳትነግረው፣ ጣቷን እያስነካች እንድትጠብቀው ነው ማስተምራት። መጀመሪያ ሳምንት ጫጫታ ይበዛል፣ ርእሰ መምህሩም መጥተው ምንድነው ሊሉ ይችላሉ፣ ጠብቁት፣ ልጆቹ ይለምዱታል። ለአንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ከአስር እስከ አስራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዛ በላይ አይኑ ክፍል ውስጥ ነው ልቡ ውጪ ነው። እቤት ከሆነም በቀን አስር ደቂቃ በየቀኑ፣ እሁድ ሁለት ሰአት ከማስቀመጥ ይሻላል።

ጠብቆና ላልቶ ሚነበብ ነገር ሲመጣ አትደንግጡ። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት የለውም፣ ገና ብሎ በአሉም አለ ገና ነኝ ሚለውም አለ፣ አለ ሚለው ቃልም እንደዛው፣ ተናገረም ይሆናል መኖርም ይሆናል። ልጁ መጀመሪያ አላልቶ ያነበዋል፣ "ገና ደረሰ" ሚለውን ሲጨርስ እንዲ ተብሎ ይነገራል እንዴ ብላችሁ ጠይቁት፣ ቋንቋው ስለሆነ እራሱ ያስተካክለዋል። ይሄን ማረጉን ካያችሁ ልጁ ፊደል እየጠራ ሳይሆን እየተረዳ ነው ማለት ነው፣ ደስ ይበላችሁ።

ስለ እንግሊዝኛ ሳልናገር አላልፍም። ወላጆች መጥተው "ኤቢሲዲ አላሳያችሁትም ወይ" ይላሉ፣ ብር ከፍለው ነውና አልፈርድባቸውም። ግን የአምስት አመት ልጅ በማይናገረው ቋንቋ ድምጽ መገጣጠም ሲማር ያነበበውን ቃል በምን ያውቀዋል? ላባ ብሎ የዶሮ ያለው ቋንቋውን ስለሚያውቅ ነው። ማንበብን አንዴ በአፍ መፍቻው ከያዘው የመገጣጠሙ ችሎታ ወደ ሌላውም ይሄድለታል፣ የላቲን ፊደል 26 ነው፣ ይደርስበታል። ኬጂ እያለ እንግሊዝኛውን በዘፈን፣ በንግግር፣ በጨዋታ ይስማው፣ ይበቃዋል። ሁለቱንም ፊደል እኩል በአንድ ሴሚስተር መጫን ላይ ግን አልስማማም፣ ለትምህርት ቤቶችም ይሄንኑ ነው ምለው።

ሚዘገይ ልጅ ሁልጊዜም አለ። ከመፍረዳችሁ በፊት አይኑንና ጆሮውን እዩለት፣ ሰሌዳውን ሲያይ አይኑን ያጨነቁራል ወይ፣ ከኋላው ስትጠሩት ይሰማል ወይ፣ ጆሮው ይመግላል ወይ። እንዲ አይነት ነገር ካያችሁ ሀኪም ጋ ውሰዱት፣ ስንቱ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ነው ችግሩ ሳይታወቅለት ያደገው። ጤናው ደህና ከሆነ ደሞ ወደ ጆሮው ስራ መልሱት፣ ጭብጨባው ላይ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው እዛ ነው። ዱላም ስድብም ንባብ አያስተምርም፣ አንድ ልጅ ፊደል ገበታ ሲያይ መሸማቀቅ ከጀመረ ያንን ለመመለስ ፊደል ከማስተማር በላይ ጊዜ ይፈጃል።

ሰኔ ላይ ምን ልጠብቅ ለምትሉ፣ ኬጂ ሚጨርስ የስድስት አመት ልጅ የተማራቸው ፊደሎች ተሰባጥረው ሲቀርቡለት አብዛኞቹን ከለየ፣ ሁለትና ሶስት ፊደል ያላቸውን ሚያውቃቸውን ቃሎች ከገጣጠመ፣ ስሙን ከጻፈ፣ ተረት ሰምቶ መልሶ ከተናገረ ለአንደኛ ክፍል ዝግጁ ነው። ሙሉ ገጽ አያነብም ብላችሁ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት። ከዛ ክረምቱ አለ፣ ሁለት ወር ምንም ካልተነካ ብዙው ይጠፋል፣ በየምክንያቱ ትምህርት ሲቋረጥም እንደዛው ነው፣ በኛ በኩል ይሄ እንዴት እንዳስቸገረን ታውቁታላችሁ። ስለዚ ሰኔ ላይ ካርዶቹን በላስቲክ አስሬ ለያንዳንዱ ልጅ ወደ ቤቱ እሰጠዋለሁ፣ ያወቃቸውን አርባ ሀምሳ ፊደል ከነሰፈር ስሞቹ፣ ለእናትየውም ማታ ቡና ስትቆላ ሶስት ካርድ አስመዝዛ ቃል እንድታሰራው እነግራታለሁ። ካርቶን ካለቀባችሁ የሳሙና ካርቶን ከሱቅ ጠይቁ፣ ባለሱቆቹ በነጻ ይሰጣሉ፣ ፊደሉን በወፍራም ማርከር ትልቅ አርጋችሁ ጻፉ፣ ጀርባው ላይ ስእል አታርጉ፣ ስእሉን አይቶ እንዳይገምት።